ረቡዕና ዓርብ የማይታጠፍ ጥላ

ሀርጌሳ ውስጥ ጥላ የሚሰርቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ትልልቆቹ የኮረብታ ጥላ ሳይቀር ገፈው ይወስዳሉ፤ ስማቸው ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ናጂብ ግን ከትንንሾቹ ነው። እሱ የሚያነሣው የአንድ ግድግዳ፣ የአንድ ድንኳን፣ ቢበዛ የአንድ ዛፍ ጥላ ነው። ጥላውን የተሰረቀ ሰው እንኳ ከልቡ አይረግመውም፤ «ያ ናጂብ መጥቶ ሄደ እኮ» ይልና ወንበሩን ወደ ሌላ ጥግ ይጎትታል። ናጂብን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ድሬዳዋ ያደገ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ጺሙን በሂና የሚያቀላ ሰው በከተማው መሀል ሲያልፍ የሚፈራው አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ!

ተከታዩ ባንተአምላክ በጌታው ትንሽነት አፍሮ አያውቅም። ከቡሬ ወጥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ድንጋይና ስሚንቶ ሲሸከም የኖረ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ። ናጂብ የመረጠው ለትከሻው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከትከሻው ይልቅ እጁ እንደሚበልጥ ታወቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። ናጂብ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ አንዲት ቃል ያንሾካሹካል። በዚያች ቃል ጥላው ከመሬት ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የባንተአምላክ ነው። ጥላ ላይ ላዩን ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከመሬት የመጠጠው ግለት አለ፤ እጁን ሳያዘጋጅ የነካውን ሰው መዳፉን ይልጠዋል። ስለዚህ አጣፊው አስቀድሞ አንድ ጉንጭ የፍየል ወተት ይጠጣል። ወተቱ ጉሮሮውን አልፎ ሆዱ ሳይደርስ እጁ ይቀዘቅዛል።

የግድግዳ ጥላ እንደ ረጠበ ጋቢ ይከብዳል። የድንኳን ጥላ ይንሸራተታል። የዛፍ ጥላ ደግሞ በየቅጠሉ መሀል ቀዳዳ ስላለው ትንሽ ከሳቡት ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። ባንተአምላክ ሁሉንም ከጫፍ ወደ ውስጥ፣ ሳይቸኩል፣ አራት ቦታ ያጥፋቸዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጥላ ቀዶ አያውቅም። አጥፎ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ለገዢ ሊያደርስ በዋሄን ገበያ ጥግ ጥጉን ሲሄድ፣ ቅዝቃዜው የነካቸው ሰዎች ዞር ዞር ይላሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ሆዱ ውስጥ ግን «እጥፋቱን አያችሁት?» ይላል።

ውላቸው የሰባት ዓመት ነበር። ተማሪ መምህሩን አገልግሎ በመጨረሻ ዕውቀቱን እንደሚቀበል ሁሉ፣ ባንተአምላክም ሰባት ዓመት ተሸክሞ ቃሏን ይቀበላል። ከናጂብ አፍ ወደ ባንተአምላክ ጆሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቃሏን የያዘ ሰው ዳግመኛ የሰው ስሚንቶ አይሸከምም። ባንተአምላክ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም።

አሁን ስለ ሕጉ መናገር ያስፈልጋል።

ባንተአምላክ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ዓርብ ሆነ። ናጂብ ወተቱን በእንጨት ቆሪ ይዞ መጣ። ባንተአምላክ ወተቱን አየና ደነገጠ። ለሌብነት የተቀጠረ ሰው «ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነኝ» ቢል መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል። ዓይነ አፋርም ነው። ስለዚህ ጥላውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣

«ጋሼ ናጂብ፣ ይኼ ጥላ ዛሬ አይታጠፍም» አለ።

«ለምን?»

«የዓርብ ጥላ ስስ ነው። ይቀደዳል።»

ናጂብ ጥላውን አየው፣ ባንተአምላክን አየው። «ወላሂ፣ እኔም ደስ አላለኝም ነበር» አለና ወተቱን ራሱ ጠጣው።

በሚቀጥለው ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሁዳዴ ሲገባ ባንተአምላክ «በዚህ ወራት ጥላ ጥሬ ነው፤ እስኪበስል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል» አለ። ነሐሴ ሲመጣ ጥላው ለሁለት ሳምንት ታመመ። ከገና በፊት ደግሞ ብርድ መታው። ናጂብ «የእኛ ጥላ ከመንግሥት ሠራተኛ ይብስ ዕረፍት ይወጣል» እያለ ያጉረመርማል፤ ቢሆንም እያንዳንዱን በደብተር ጻፈው። ጽፎም አልቀረ፤ ለሌሎቹ ትንንሽ የጥላ ሌቦች እንደ ትልቅ ምሥጢር አስተማራቸው። አንዱ ለሌላው ነገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሀርጌሳ ረቡዕና ዓርብ አንድም ትንሽ ሌባ ጥላ አያነሣም ነበር። ሱቅ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ስለሚያውቁ በእነዚህ ቀናት ዕቃቸውን ውጭ አውጥተው ያለ ስጋት ይደረድራሉ።

ባንተአምላክ ይህን ሲያይ አንዳንዴ ይፈራል። ብዙውን ጊዜ ግን ይኮራል። ቤተ ክርስቲያን ሩቅ በሆነበት አገር፣ አንድ ከተማ ሙሉ ሌባ ሳያውቀው አብሮት ይጾማል።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሂባቅ ናጂብን አስጠራችው።

ሂባቅ ከትልልቆቹ ናት። ልጅነቷን ሐረር ተምራ ያሳለፈች፣ አሁን ከከተማው ወጣ ባለ ራቁት ኮረብታ ላይ ትልቅ ግቢ ያሠራች፣ በሥሯ ሰባት የታወቁ ሰዎች ያሏት ሴት ናት። ከሰባቱ አንዱ በቅርቡ ወደ በርበራ ስለሄደ ቦታው ክፍት ነበር። ናጂብ ቀይ ጺሙን አበጥሮ፣ ባንተአምላክን አስከትሎ ወጣ።

ግቢው ከፍ ባለ የድንጋይ አጥር ተከቧል፤ ውስጡ ግን አንድ ዛፍ የለም። ሂባቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀበለቻቸው።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ እንግዶች አሉኝ» አለች በጠራ አማርኛ። «ምሳው ግቢ ውስጥ ነው። እንግዶቼን ፀሐይ ላይ አላስቀምጥም። ጅግጅጋ ያር ያለውን ትልቁን ግራር ታውቀዋለህ?»

ናጂብ አወቀው። ባንተአምላክም አወቀው። የሐበሻ የቀን ሠራተኞች ሥራ እስኪመጣላቸው የሚቀመጡበት፣ ሸዋዬ የምትባል የጎንደር ሴት ሻይ የምትሸጥበት ግራር ነው። ባንተአምላክም በስሚንቶው ዘመን ስንት ቀን ከሥሩ ተቀምጧል።

«የእሱን ጥላ ነገ ስድስት ሰዓት፣ ሰው መስጊድ ሲገባ፣ አንሥተህ ታመጣልኛለህ። ካመጣህ ሰባተኛው ሰው አንተ ነህ።»

የናጂብ ጺም ተንቀጠቀጠ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። «አባዮ፣ እህቴ፣ ነገ እኮ ዓርብ ነው» አላት።

«እና?»

«የዓርብ ጥላ አይታጠፍም። ስስ ነው። ሕግ ነው።»

ሂባቅ መነጽሯን አወለቀች። «ማን ነው ያወጣው ሕግ?»

«የታወቀ ነው። ረቡዕም እንዲሁ። በመጋቢት ደግሞ ጥላው ጥሬ ስለሚሆን...»

በረንዳው ላይ ተኝታ የነበረች ድመት ተነሥታ እስክትሄድ ሳቀች። «እኔ የአንድ ኮረብታ ጥላ ያነሣሁት ዓርብ ቀን ነው!» አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ ከናጂብ ትከሻ በላይ አሻግራ ባንተአምላክን አየችው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። እሱም መሬት መሬት አየ።

«ነገ በስድስት ሰዓት» አለችና ገባች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ናጂብ ቆም አለ። የባንተአምላክን ክንድ ያዘው። «ባንቴ፣ ይቀደድብኝ ይሆን?»

«በእኔ እጅ ተቀዶ ያውቃል?»

«አላህ ይጨምርልህ። ስማኝ፣ ነገ ይኼ ነገር ከተሳካ ሰባተኛ ዓመት አልጠብቅም። ቃሏን እዚያው በጆሮህ እነግርሃለሁ።»

ባንተአምላክ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቃል ነገ ልትመጣ ነው፤ የምትመጣውም ዓርብ ቀን፣ ከአንድ ጉንጭ ወተት ማዶ ነው። «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ፣ ግን አልወጣለትም። ናጂብ ዝምታውን እንደ ደስታ ቆጠረው።

ዓርብ በስድስት ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ቆመች። የግራሩ ጥላ ተሰብስቦ ከሥሩ ተቀምጧል፤ ጠባብ፣ ወፍራም፣ ጥቁር። ሱቆች ተዘግተዋል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ከጥላው ውስጥ ዐሥር የሚሆኑ ሠራተኞችና ሸዋዬ ከነምድጃዋ ብቻ ቀርተዋል። የሂባቅ ፒክአፕ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆማለች፤ ሂባቅ ራሷ በሩ ላይ ተደግፋለች።

ግንበኛው አስረስ ናጂብን ሲያይ ተነሣ። «እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ዓርብ እንኳ አታሳርፉንም?»

«ተነሡ፣ ተነሡ» አለ ናጂብ። «ሕጉ ተቀይሯል።»

«አይ ባንተአምላክ!» አለች ሸዋዬ ማንኪያዋን ይዛ። «እኛው መሀል ተቀምጠህ ሻይ የጠጣህበትን ጥላ? ለነገሩ የሌባ ጓዝ ተሸካሚ ምን ይሉኝታ አለው!»

ናጂብ የወተቱን ቆሪ ለባንተአምላክ ዘረጋለት። ወተቱ ገና ትኩስ ነው፤ አረፋው ዳሩን ነክቶታል። ባንተአምላክ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር። ሽታው አፍንጫው ገባ። ቃሏ አሁን አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የምትርቀው።

እጁን አልዘረጋም።

«ጠጣ እንጂ» አለ ናጂብ። «ሰው ከመስጊድ ከመውጣቱ በፊት።»

«አልጠጣም፣ ጋሼ ናጂብ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ዓርብ ነው። ጾም ነው።»

ናጂብ ወደ ወተቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ባንተአምላክ። ነገሩ በቀስታ ገባው፤ ሲገባውም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ረቡዕስ?»

«ረቡዕም ጾም ነው።»

«በመጋቢት ጥላው ጥሬ የሚሆነው?»

«ሁዳዴ ነው።»

«ነሐሴ ላይ የታመመው?»

«ፍልሰታ።»

«ያ ረቢ!» ብሎ ናጂብ ጮኸ። «ለዐሥራ አንድ ሰው አስተምሬዋለሁ! በደብተር ጽፌዋለሁ! አንዱማ እስከ ቡርዖ ከተማ ይዞት ሄዷል!»

ሸዋዬ ማንኪያዋን ጣለች። አስረስ «እና ይኼን ሁሉ ዓመት ዓርብ ዓርብ በጥላ የተቀመጥነው በአንተ ጾም ነው?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሠራተኞቹም ሁሉ ሳቁ።

ባንተአምላክ ስድስት ዓመት የፈራው ሳቅ ይህ ነበር። መጣ፤ ሆኖም እንዳሰበው አልሆነም። ጀርባው ሲቃና ተሰማው። «ሌባ ነኝ» አለ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «የሰረቅሁትን አልክድም። ጾም ግን ገድፌ አላውቅም። ዛሬም አልገድፍም።»

«እዚህ ማን ያይህና ነው?» አለች ሂባቅ። መንገዱን ተሻግራ መጥታለች። «ቄስ የለ፣ ዘመድ የለ።»

«ማንም ስለማያየኝ ነው፣ እሜቴ። የሚያየኝ ቢኖርማ ለሰው ስል ነበር የምጾመው።»

ሂባቅ ድምፅዋን አለሰለሰች። «ስማ። ይኼ ሰውዬ የሚያውቃትን ቃል እኔም አውቃታለሁ። አንድ ጉንጭ ጠጣ፤ ቃሏን እኔ ራሴ አሁን እሰጥሃለሁ። ሰባተኛውም ሰው አንተ ትሆናለህ። ጌትነት ነው እንጂ ተከታይነት አይደለም።»

ናጂብ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባንተአምላክ ወተቱን አየ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዴ ምራቁን ዋጠ።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለ። «ነገ በማለዳ እጠጣለሁ፤ ነገ አጥፌ አመጣልዎታለሁ። አንድ ቀዳዳ ቢገኝበት እጄን ይቁረጡት።»

«እንግዶቼ ዛሬ ናቸው!»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ናጂብ ከዚህ በላይ አልታገሠም። በአንድ በኩል ተከታዩ ሊነጠቅበት ነው፣ በሌላ በኩል ቦታው ሊያመልጠው ነው። «እኔው አጥፈዋለሁ!» አለና ወተቱን አንደቅድቆ ጠጣ። አንድ ጉንጭ ሳይሆን ቆሪውን ሙሉ። ጺሙ ነጭ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ቃሏን ተናገረ፤ ጥላው ከመሬቱ ተላቀቀ፤ ሠራተኞቹ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ወጡ።

ናጂብ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታጠፍ ቆሞ አይቷል። አንድም ቀን ግን ልብ ብሎ አላየም። ከጫፍ መጀመር ሲገባው ከግንዱ ጀመረ። ባንተአምላክ «ጋሼ፣ ከጫፍ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አልሰማውም። የግራሩ እሾህ ጥላ የናጂብን ሽርጥ ያዘው። ናጂብ ሽርጡን ሊያላቅቅ ሲዞር እጥፋቱም አብሮት ዞረ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ናጂብ የለም። መሬት ላይ የቀረው አንድ ትልቅ፣ የተጨማደደ፣ ጥቁር ጥቅልል ብቻ ነው፤ ከውስጡ «ባንቴ! ባንቴ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል።

ሂባቅ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ለግቢዬ ይበቃል። አስቀያሚ ቢሆንም ይዘረጋል» አለች።

«ሰውየውስ?» አለች ሸዋዬ።

«ሲደርስ ይጠፈጠፍና እሱም ትንሽ ጥላ ይሆናል። ከዚህ በላይ ሆኖስ ያውቃል?» ሂባቅ ወደ ባንተአምላክ ዞረች። «ይኸው፣ ታጥፏል። ከውጭ ቀዝቃዛ ነው፤ ለመሸከም ወተት አያስፈልግም። ጾምህን አልነካሁብህም። አንሥተህ መኪናው ላይ ጫንልኝ፤ ቃሏን አሁን እሰጥሃለሁ።»

ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ባንተአምላክ ወደ ጥቅልሉ ሄዶ ተንበረከከ። ዳሰሰው። ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ንዴት ነበር፤ እንዲህ ያለ እጥፋት በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አንዱ ጫፍ ወጥቷል፣ ሌላው ተቋጥሯል፣ ቅርንጫፉ ሁሉ በተሳሳተ በኩል ተኝቷል። ይህን በትከሻው ተሸክሞ ከሰው ፊት ሊያልፍ? ከውስጥ ደግሞ ናጂብ እንደ ሕፃን ይጠራዋል። ናጂብ ብዙ ነገር የጎደለው ሰው ነው። ሆኖም ባንተአምላክን ከስሚንቶ ሥር ያወጣው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመትም አንድ ቀን እንኳ «አንተ ተሸካሚ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ባንቴ» ነው የሚለው።

«እሜቴ» አለ ባንተአምላክ ቀና ሳይል፣ «ጌታውን አስሮ የሚሸጥ ተከታይ ነገ እርስዎንም ይሸጣል። እኔ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም።»

እጁን ከጥቅልሉ ሥር አስገባ። በደረቁ፣ ያለ ወተት። ግለቱ መዳፉን ሲይዘው ጥርሱን ነከሰ። ማጠፍ ቀላል ነው፤ የተበላሸ እጥፋት መፍታት ግን እያንዳንዱን ጫፍ በጣት ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ቆዳው ተላጠ። አልቸኮለም። ቢቸኩል ጥላው ይቀደዳል፤ ጥላው ከተቀደደም ናጂብ አብሮ ይቀደዳል። አንዱን እጥፋት ገለበጠ፤ ሁለተኛውን ገለበጠ። አስረስ «ባንተአምላክ፣ እጅህ!» ሲል ሰማው። ሦስተኛውን ገለበጠ። በአራተኛው ላይ ጥላውን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ገበሬ እህል እንደሚዘራ አድርጎ ወደ ቦታው በተነው።

ጥላው በመሬቱ ላይ ተዘረጋ። እያንዳንዱ ቅጠል በቦታው ገባ። ናጂብም ተንከባሎ ወጣና ሸዋዬ እግር ሥር በአፍንጫው ተደፋ።

ያን ጊዜ ሰው ከመስጊድ መውጣት ጀመረ። መንገዱ በአንዴ ሞላ። ትልልቅ ሌቦች በሰው ፊት አይታዩም፤ ሂባቅ መነጽሯን አድርጋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት «አንተ ሰው ተሸካሚ ሆነህ ትሞታለህ!» አለችው።

መኪናዋ ስትሄድ ባንተአምላክ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። እጁ እሳት ነበር። ሸዋዬ ነጠላዋን ከዳር ቀዳ መዳፉን ጠቀለለችለት። ከዚያ «ጥቁር ሻይ ላድርግልህ? ዘጠኝ ሰዓት ነው ጾም የምትፈታው?» አለችው።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ይኸው ነው! እኔ እንኳ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የምበላው» አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። አስረስ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ለመሳለቅ የፈለገ ይመስል ነበር፤ የታሰረውን እጅ ሲያይ ግን ተወው።

ናጂብ አቧራውን አራገፈ። ሽርጡ ተቀዷል፤ ጺሙ ውስጥ የግራር ቅጠል ጥላ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ቢያራግፈውም አልወርድ አለው። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ፣

«ዐሥራ አንድ ሰው!» አለ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርኸኝም? እኔ ረመዳንን የምጾም ሰው አይደለሁም? አልረዳህም ነበር?»

ባንተአምላክ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ አንድም ቀን አልታሰበውም። «አፍሬ ነው» አለ።

ናጂብ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሰባተኛው ሰው የመሆኑ ነገር አብቅቷል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ናጂብ ድንገት የባንተአምላክን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበና በቀኝ ጆሮው ውስጥ አንዲት ነገር አንሾካሾከ።

ቃሏ አጭር ነበረች። ባንተአምላክ ረጅም ትሆናለች ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ሰባት ዓመት አልሞላም እኮ» አለ።

«ዛሬ ሞላ» አለ ናጂብ። «አሁን አንተም ጌታ ነህ። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። እኔ ከእንግዲህ የድንኳን ጥላም ይበዛብኛል።»

ባንተአምላክ ያን ቀን ምንም አልሠራም። ዓርብ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ግን ተነሣና አንድ ጉንጭ ወተት ጠጣ። ቅዝቃዜው በነጠላው ቁራጭ ሥር የተላጠውን መዳፉን ሲያበርደው ተሰማው። ለናጂብ አልነገረውም። ዳገቱን በሌላ አቅጣጫ ወጥቶ ራቁቱ ኮረብታ ላይ ደረሰ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ስለነበር የሂባቅ አጥር ጥላ በተዳፋቱ ላይ ረጅም ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ ግቢዋ ያለው ብቸኛ ጥላ። ሁለቱ ዘበኞች በዚያው ጥላ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደራችሁ» አላቸው።

«ምን ፈለግህ?»

«ከዚያ ላይ ብትነሡልኝ።»

ሳይገባቸው ተነሡ። ባንተአምላክ ጎንበስ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አፉ ቃሏን ተናገረ። ጥላው ተላቀቀ። በሕይወቱ ያየው ትልቁ የግድግዳ ጥላ ነበር፤ የሃምሳ ሰው ድንኳን ያህል። ከጫፍ ወደ ውስጥ፣ ሳይቸኩል፣ አራት ቦታ አጠፈው። ዘበኞቹ ፀሐዩ ላይ እንደቆሙ አፋቸውን ከፍተው አዩት። በበረንዳው ላይ ሂባቅ ብቅ ስትል እሱ የመጨረሻውን እጥፋት እያለሰለሰ ነበር። መነጽሯን አላደረገችም። እጅ ነሥቷት፣ ጥላውን በትከሻው ጣል አድርጎ ወረደ።

በዋሄን በኩል ነበር የሄደው። ጥግ ጥጉን አልሄደም፤ በመንገዱ መሀል፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ በተደረደሩበት በኩል፣ ቀና ብሎ። ቅዝቃዜው ከፊቱ ይቀድመዋል። ሰው ዞር እያለ መንገድ ለቀቀለት። ጅግጅጋ ያር ላይ ሠራተኞቹ በዝተው ከግራሩ ጥላ የተረፉት ፀሐይ ላይ እንደሚቆሙ ያውቃል፤ ይህን ጥላ ከግራሩ ጎን ሲዘረጋው ሁሉም ይበቃቸዋል።

አንድ ሽማግሌ መንዛሪ ብርድ ብርድ ሲለው ኩታውን ሰብስቦ፣ የታጠፈውን ጥላ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ እጥፋት ነው!» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «የማን ሰው ነህ? የሂባቅ?»

ባንተአምላክ ቆመ። ቃሏን ይዟል፤ «የማንም አይደለሁም» ቢል ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሰውየው ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያሉትም ሁሉ መልሱን ይጠብቁ ነበር።

«የናጂብ!» አለ፣ መንገዱ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የናጂብ ሰው ነኝ።»